አያ ግርማጽዮንና የግድግዳው ፎቶ

የአያ ግርማጽዮንን ሞት የነገረኝ ሰው አይደለም፤ ግድግዳ ነው። ጠዋት ዳቦ ገዝቼ ስመለስ፣ ማይ ጭሆት ሰፈር ካለው ፎቶ ቤታችን ጥግ ላይ ሰዎች ተሰብስበው ያነባሉ። እዚህ ከተማ ሰው ሲሞት ስሙና የቀብሩ ሰዓት ከነፎቶው በወረቀት ታትሞ በየግድግዳው ይለጠፋል። ጠጋ ብዬ አየሁ። ስሙን ከማንበቤ በፊት ፎቶውን አወቅኩት። የእኔ ነበር።

የእኔ ስል ያነሳሁት እኔ ነኝ ማለቴ ነው። ለመታወቂያ ያነሳኋቸው ጉርድ ፎቶ ነው፤ ግራ ዓይናቸው ግማሽ ተከድኖ፣ አፋቸው ሊያስነጥሰው እንደደረሰ ሰው ጠመም ብሎ። ወይ ጉዴ! ከማልቀሴ በፊት ተናደድኩ። የአስመራን ግማሽ ሲያነሱ ለኖሩ ሰው ሌላ ፎቶ ጠፍቶ ነው ይሄ የሚለጠፈው? አጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «መን እዩ ከምዚ ገይሩ ስኢልዎም?» አሉ፤ ማነው እንዲህ አድርጎ ያነሳቸው ማለታቸው ነው። ዳቦዬን ታቅፌ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ልንገራችሁ፤ እኔ በኚህ ሰው እቀና ነበር። ትንሽ ቅር የሚል ዓይነት አይደለም፤ የሚያንገበግብ፣ እንቅልፍ የሚነሳ ቅናት ነው። ባሌ ያውቃል፣ ልጄ ታውቃለች፣ ራሳቸው አያ ግርማጽዮንም ያውቁ ነበር። ሞቱ ብዬም አልተውኩም። ቀብራቸው ላይ የወጣውን ሕዝብ ሳይ እንኳ «እኔ ስሞት የዚህ ግማሽ ይመጣ ይሆን?» ስል ራሴን ያዝኩት።

አልማዝ እባላለሁ። አባቴ ጎንደሬ ነው፤ በመንግሥት ሥራ አስመራ መጥቶ እናቴን እዚሁ አግብቶ እዚሁ ወለደኝ። መንግሥት ሲለወጥ እሱ ወደ አገሩ ገባ፤ እኔ ባሌም ልጄም እዚህ ናቸውና ቀረሁ። ነጻነት በመጣ ማግስት ከባሌ ጋር ከለር ፎቶ ቤት ከፈትን። ምን ያልነበረን ነገር አለ? የጃፓን ካሜራ አለ፣ ፍላሽ አለ፣ ባሕርና ዘንባባ የተሳለበት መጋረጃ አለ። አንድ ችግር ብቻ ነበረብን። ከመንገዱ ማዶ አያ ግርማጽዮን ነበሩ።

ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ፤ ፀሐይም ቢሆን ብርድም ቢሆን ኮታቸውን አያወልቁም። የጣታቸው ጫፍ በፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት ጠቁሮ ቀርቷል። ካሜራቸው ከእንጨት የተሠራ፣ እንደ አኮርዲዮን የሚለጠጥ፣ በሦስት እግሩ የሚቆምና ጥቁር ጨርቅ የለበሰ ነው፤ ድሮ ያሠራቸው የነበረ ጣሊያን አገሩ ሲገባ የተወላቸው። ፊልሙ እንደኔው ጥቅል አይደለም። አንድ አንድ ቅጠል ነው፤ ወርዱ አስራ ሦስት ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ አስራ ስምንት። ከተማው በጣሊያንኛ «ትሬዲቺ ዲቾቶ» ይለዋል። ማጉያ የሚባል ነገር የላቸውም። የታጠበውን ፊልም ወረቀቱ ላይ አስተኝተው በብርሃን ያትሙታል፤ ስለዚህ ፎቶው ከፊልሙ አይበልጥም፣ አያንስም።

ይህን ልክ ሌላ ቦታ ብዙም አይጠቀሙበትም ይባላል። ወይ ከሱ ያነሰውን ይወዳሉ ወይ የበለጠውን። አያ ግርማጽዮንን ለምን እሱን እንደመረጡ ስትጠይቋቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ትንሹ ለቢሮ ነው፤ ትልቁ ለቤተ መንግሥት ነው። ትሬዲቺ ዲቾቶ ግን ለቤት ነው።»

እውነታቸውን ነው፤ አንጀቴን የሚያሳርረኝም እሱ ነው። ከቃሓውታ ሰፈር እስከ ቪላጆ ጀኒዮ ሰፈር የፈለጋችሁት ቤት ግቡ፤ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፍሬም ልኩ አንድ ነው። አናጢዎቹ ከአባቶቻቸው ጀምሮ የሚሠሩት በዚያው ልክ ነው። የእኔ ከለር ፎቶ ደግሞ አስር በአስራ አምስት ነው፤ እዚያ ፍሬም ውስጥ ሲገባ እንደ ሰፊ ጫማ ይዋልላል። ላቦራቶሪውን «በፍሬሙ ልክ አውጡልኝ» ስል፣ የፊልሜ ቅርጽ ስለማይገጥም ወይ ከላይ ወይ ከታች ቆርጠው ይሰጡኛል። የአንዷን ሙሽራ እግር ቆርጠው ላኩልኝ። እናትየው ፎቶውን አንጠልጥላ መጣችና ሰው በተሞላበት «ጫማዋስ? ከሮም ያስመጣንላት ጫማ የታለ?» ብላ ጮኸችብኝ። ምድር አፏን ከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

በሰርግ ወራት ሙሽሮች ሁሉ እኔ ጋ ይመጣሉ። ከዘንባባው ፊት አቁሜ፣ አስቀምጬ፣ አሳቅፌ አልበማቸውን እሞላላቸዋለሁ። ከዚያ ሙሽሪት ቬሎዋን ሰብሰብ አድርጋ መንገዱን ትሻገራለች። «ወዴት?» ስል ሚዜዎቿ ተቀባብለው «ናይ መንደቕ ክንስኣል ኢና» ይሉኛል፤ የግድግዳውን ልንነሳ ነው። ሰማችሁ? የእኔ ለአልበም፣ የእሳቸው ለግድግዳ! አልበም ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ አንዴ ከገባ ማን ያወጣዋል? ግድግዳ ላይ ያለውን ግን የመጣ እንግዳ ሁሉ ያየዋል። እኔ በዚያን ጊዜ ከእግዜር የምለምነው አንድ ነገር ነበር። አንድ የእኔ ፎቶ፣ አንድ ብቻ፣ በዚያ ፍሬም ገብቶ አንድ ሰው ሳሎን እንዲሰቀልና «ማን አነሳው?» ሲባል «አልማዝ» እንዲባል።

ሥራ ስፈታ መስኮቴ ላይ ቆሜ እሰልላቸዋለሁ። የስቱዲዮአቸው ጣሪያ ግማሹ መስታወት ሆኖ ብርሃን ስለሚያስገባ ውስጡ በመስኮታቸው ጠራ ብሎ ይታያል። ሰው ሲያነሱ ጥድፊያ የሚባል ነገር አያውቁም። ሻሂ ያስመጣሉ፤ ያወራሉ፤ ስለ ሙሽራው መንደር ይጠይቃሉ። «ትንፋሽህን አትያዝ፤ ትንፋሹን የያዘ ሰው ፊቱ ያብጣል» ይላሉ። አንድ የማይቀር ደንብም ነበራቸው። ፎቶው ከመነሳቱ በፊት ከቤተሰቡ በዕድሜ የገፋችው ሴት ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ገብታ፣ ከካሜራው ኋላ ባለው መስታወት ላይ ልጇን አይታ «ይሁን» ካላለች አያነሱም። ካሜራው ሰውን ገልብጦ ነው የሚያሳየው። እናቶቹ ከጨርቁ ሲወጡ አንዷ ትስቃለች፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዷማ «ወደይ ተገልቢጡ!»፣ ልጄ ተገለበጠ፣ ብላ ልጇን ልታነሳ ሮጠች። ሰዉ ሲስቅ ሳቁ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። እኔ ጋ እኮ ማንም አይስቅም። ፍላሽ ቦግ፣ ቀጣይ!

ደግነታቸው ደግሞ ይባስ ያናድደኝ ነበር። አማርኛ መንገድ ላይ ሲሰማ ሰው ዞር ብሎ በሚያይበት ሰሞን፣ እሳቸው ከማዶ ሆነው ጎላ ባለ ድምፅ «አልማዝ ጓለይ፣ እንደምን አደርሽ! ዛሬስ ሥራ እንዴት ነው?» ይሉኛል፤ ቃሉን ከጉሮሯቸው እያወጡ፣ በዚያ በትምህርት ቤት አማርኛቸው። ጓለይ ማለት ልጄ ማለት ነው። መንገደኛው እሳቸውን ያይና አንገቱን መልሶ ይሄዳል። ምን አለ በሥራም በጠባይም ባይበልጡኝ? አንዱን እንኳ ቢተዉልኝ ምን ነበረበት?

አንድ ጊዜ ግን ድል አደረግኩ። ለነጻነቱ ሪፈረንደም ሰው ሁሉ መታወቂያ ሊያወጣ ሲነሳ ከተማው በሙሉ ጉርድ ፎቶ ፈለገ። አያ ግርማጽዮን «ሰውን ቴምብር አላደርግም» ብለው እምቢ አሉ። እሰይ! ሰልፉ ከእኔ በር ተነስቶ እስከ ፌርማታው ደረሰ። ከጠዋት እስከ ማታ ቦግ፣ ቦግ! አንድ ቀን ከሰልፉ መሃል ማንን ባይ ጥሩ ነው? ራሳቸውን። ተራቸውን ጠብቀው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው።

«እኔም ዜጋ ነኝ እኮ» አሉኝ እየሳቁ። «አንሺኝ።»

ተቀመጡ። ሰዉን ሁሉ እንደ ሐውልት አርገው የሚያስቀምጡት ሰውዬ ፍላሹ ሲበራ ዓይናቸውን ጭፍን! ደገምኩ፤ ጭፍን! የተሰለፈው ሕዝብ ይስቃል። «ጓለይ፣ ይሄ ብርሃን አይደለም እኮ፣ ድንጋጤ ነው» አሉ። ካነሳኋቸው ሁሉ የሚሻለው ያ ግራ ዓይናቸው ግማሽ የተከደነው ነበር። ሳሳያቸው ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ደሓን፣ ለመታወቂያ ነው። ግድግዳ ላይ አይወጣ» አሉኝና ሄዱ። በዚያ ሁሉ ድሌ መሃል እንኳ «ግድግዳ» የሚለውን ቃል አንስተው ሆዴን አቃጠሉት።

ከዚያ ፊልማቸው ማለቅ ጀመረ። ጣሊያን አገር ያለ ወዳጃቸውን ቢጠይቁ «ያንን ልክ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ፋብሪካውም መሥራት ትቷል» አላቸው። «የሚጠይቅማ አለ፤ አንድ ከተማ ሙሉ ፍሬም እየጠየቀ ነው» ብለው ሳቁ። ሳቁ እንጂ ነገሩ የምር ነበር። ከሐኪም ቤት ጊዜው ያለፈበት የራጅ ፊልም አግኝተው በጨለማ ክፍላቸው በቀይ መብራት በልካቸው እየቆረጡ መሥራት ያዙ። የራጅ ፊልም ከንፈር ያጠቁራል፤ ቀይ ሰው ጠይም፣ ጠይሙን ከሰል ያደርጋል። አንዱ መካኒክ ፎቶውን ተቀብሎ «አያ፣ ፊቴን ነው ያነሱት ወይስ ሳንባዬን?» አላቸው። ይህቺን ቀልድ ለስንቱ እንዳወራሁት! አልቆላቸዋል፣ አሁንስ ግድግዳው የእኔ ነው ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ወየው! ሙሽሮቹ አሁንም መንገዱን ይሻገራሉ። በሳንባ ፊልምም አሸነፉኝ።

አንድ ቀን ሆን ብዬ ነገር ፍለጋ ተሻገርኩ። «አያ ግርማጽዮን፣ እንግዲህ የዚህ ልክ መጨረሻው ምንድን ነው?» አልኳቸው።

ሌንሱን በመሐረብ ይወለውሉ ነበር። «ፊልሙ ይሞታል» አሉ። «እኔም እሞታለሁ። ፍሬሙ ግን ይቀራል። ባዶ ፍሬም ደግሞ ለዓይን ስለማይመች አንድ ሰው አንድ ነገር ያስገባበታል። ምናልባት አንቺ።» ያሹፉብኝ ይመርቁኝ አልገባኝም። እንዳሾፉብኝ ቆጥሬ ወጣሁ።

ዋናው ነገር የመጣው በልጄ በሰናይት ሰርግ ነው። ሰርጉ ሊደርስ ሲል ሻሂ እየጠጣን፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «እማ፣ የግድግዳውን አያ ግርማጽዮን ናቸው የሚያነሱን» አለችኝ።

ጆሮዬን አላምን አልኩ። «እናትሽ ፎቶ አንሺ ናት እኮ!»

«አውቃለሁ፤ አልበሙን አንቺ ታነሺን የለ?»

አልበሙን! ከሆዴ የወጣች ልጅ! በዚያ ሳምንት ያልተጣላሁት ሰው የለም፤ ባሌን፣ አማቾቼን፣ ድንኳን ተካዮቹን ሁሉ። የሰርጉ ቀን ሰናይት ከነሙሽራዋ፣ ከነሚዜዎቿ መንገዱን ስትሻገር እኔም ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ተከተልኳት። ቢያንስ አጠገባቸው ቆሜ አብሬ አነሳለሁ፣ የማን እንደሚያምር ይታያል አልኩ።

አያ ግርማጽዮን ሙሽሮቹን ባርከው ከሳሙ በኋላ እጃቸውን አፋተጉ። «ሰናይት ጓለይ፣ ደህናው ፊልም አልቋል። ያለው ራጁ ነው።»

«ይሁን አያ፣ ግድ የለም» አለች።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። «ምን ይሁን! የእኔ ልጅ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ እንደ ሳንባ በሽተኛ ሆና ግድግዳ ላይ አትሰቀልም! ከሌለዎት የለኝም ይበሉ፤ እኔ አነሳታለሁ!»

አያ ግርማጽዮን አዩኝ፤ አልተቆጡም። ከዚያ ጨለማ ክፍላቸው ገቡ። ሲመለሱ ፊልም የሚጎርሰውን የእንጨት መያዣ በጥቁር ወረቀት ጠቅልለው ይዘዋል። «አንዲት አለች» አሉ። «የደህናው።»

ከቤቱ ጋር በሚያገናኘው በር ላይ ባለቤታቸው አደይ ለተብርሃን ቆመው ነበር። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና «ግርማጽዮን! እታ?» አሉ፤ ያቺን?

«ስቕ በሊ ለተብርሃን። መርዓ እዩ» አሉ፤ ዝም በይ፣ ሰርግ ነው።

እኔ በልቤ «ለአንዲት ቅጠል ፊልም እንዲህ መሰሰት!» ብዬ ሴትዮዋን ታዘብኳቸው።

ከዚያ ደንቡ መጣ። «የሙሽራ እናት፣ ግቢና እይ» አሉኝ። አልገባም አልኩ። ሚዜዎቹ እየሳቁ ገፉኝ። ጨርቁ ውስጥ ገባሁ፤ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ቀስ እያለ መስታወቱ ላይ ልጄ ወጣች፤ ተገልብጣ፣ እግሯ ሰማይ፣ ራሷ ምድር። እኔ ሰውን የማየው በአንድ ዓይኔ፣ በጠባብ ቀዳዳ አጮልቄ ነው። ይሄ ግን ከእጅ መዳፍ የሚበልጥ መስታወት ነው፤ በሁለት ዓይን ነው የሚታየው። የቬሎዋ ጥልፍ ክር በክር ይቆጠራል። ልጅ ሆና ደረጃ ላይ ወድቃ አገጯ ላይ የቀረው ጠባሳ እንኳ አለ። ያንን ጠባሳ ረስቼው ነበር። ወዲያውም ከዚያ በፊት ቀንቼ የማላውቀውን ያህል ቀናሁ። እኔ ፍላሽ ቦግ ሳደርግ ኖሬ፣ እኚህ ሰውዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን ሲያዩ ኖረዋል?

ስወጣ «ደሓን ዲያ?»፣ ደህና ናት ወይ፣ ሲሉ ጠየቁኝ።

«ተዘቅዝቃለች» አልኩ። ሌላ ምን ልበል! ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ሰናይትም ሳቀች፤ ሳቋ ሰከን ብሎ ፊቷ ላይ ትንሽ ሲቀር አያ ግርማጽዮን የሌንሱን ክዳን አነሱ። «ሓደ… ክልተ…» አንድ፣ ሁለት ብለው ከደኑት። አለቀ። እኔ ካሜራዬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረሁ፤ ማንሳቱን ረስቼው ነበር።

ያ ፎቶ አሁን ቃሓውታ፣ ልጄ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል። በፍሬሙ ልክ ነው፤ አንዲት ክር አይተርፍ፣ አንዲት አይጎድል። ልጠይቃት ስሄድ ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የምቀመጠው። «እማ፣ ወዲህ ነይ እንጂ» ትለኛለች። እዚያው ይሻለኛል እላታለሁ።

እንግዲህ ከቀብሩ በኋላ አያ ግርማጽዮን ቤት ለሐዘን ሄድኩ። የሰው ቤት ሁሉ ባነሷቸው ፎቶዎች የተሞላ ሰውዬ ሳሎን ግድግዳ ላይ አንድ ባዶ ፍሬም ብቻ አለ፤ መስታወቱ ተወልውሎ ያበራል። አደይ ለተብርሃን አጠገብ ቁጭ አልኩና «ጽንዓት ይሃብኩም» ካልኩ በኋላ ከአንጀቴ ሲያቃጥለኝ የዋለውን ጠየቅኳቸው።

«አደይ፣ ምነው ያን ጉርድ ፎቶ ለጠፋችሁት? ዓይናቸው እንደዚያ ሆኖ! ሌላ አጣችሁ?»

«ሌላማ የለም» አሉ። «ሰው ሲያነሳ ኖረ እንጂ እሱን ማን አንስቶት ያውቃል? አንቺ ብቻ ነሽ።» እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ለራሱ አንዲት ፊልም አስቀምጦ ነበር፤ የደህናዋን የመጨረሻዋን። እሱ ይቀመጣል፣ እኔ ክዳኑን አነሳለሁ፣ ሓደ ክልተ ብዬ እከድናለሁ። አስተምሮኝ ነበር እኮ! በባዶ ካሜራ ስንት ጊዜ ተለማመድን። ‹ጺሜን ልላጭ፣ ነገ ነው› ይለኛል፤ በነጋታውም ‹ነገ› ይለኛል። በኋላ ያቺ ለሰናይት ሆነች።»

ለአንዲት ቅጠል ፊልም ሰሰቱ ያልኳቸው ሴትዮ እጄን ይዘው ነበር።

«ታዲያ በራጁ ለምን አላነሷቸውም?» አልኩ በመጨረሻ።

«ብዬዋለሁ! ‹አልማዝ ከንፈሬ ጠቁሮ ካየችኝ መግቢያ የለኝም› ብሎ ሳቀ።» እሳቸውም እያለቀሱ ሳቁ። ከዚያ ተነስተው ባዶውን ፍሬም ከሚስማሩ አወረዱና ጭኔ ላይ አስቀመጡት። «የጉርዱ ፎቶ ፊልም አንቺ ጋ አለ፤ አይደል? ሙት ዓመቱ እስኪወጣ እንኳ ባዶ አይሁን።»

ፊልሙን ፈልጌ አገኘሁት፤ ላቦራቶሪ ወሰድኩት። ልጁ «በፍሬሙ ልክ ከሆነ ከላይ ወይ ከታች እቆርጣለሁ» አለኝ። «አንዲት ፀጉር ብትቆርጥባቸው እኔና አንተ አንተያይም» አልኩት። እሺ ብሎ ሳይቆርጥ አወጣው፤ በግራና በቀኝ ጣት የማይሞላ ነጭ ክፍት ቀረ። ፍሬሙ ውስጥ አስገብቼ ራሴው ወንበር ላይ ወጥቼ ሰቀልኩት።

ሐዘንተኛ ይገባል፣ ይወጣል። አንዲት ከሩቅ የመጡ አሮጊት ተቀምጠው ቀና ብለው አዩትና «መን ስኢልዎም?»፣ ማን አነሳቸው፣ ብለው ጠየቁ።

«ኣልማዝ» አሉ አደይ ለተብርሃን፣ በእጃቸው ወደ እኔ እያሳዩ።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ስመኘው የኖርኩት ይሄው ነበር፤ የእኔ ፎቶ ግድግዳ ላይ ወጥቷል። ግራ ዓይናቸው ግማሽ ተከድኗል።